ፍቅር ከጫጉላ በኋላ፦ ከወሎ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ሰላም የወሎ ልጆች። ስለ ፍቅርና ትዳር ሳይንስ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ጥያቄው ጎረፈ። ወደ መልሱ ልግባ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከደሴ፦ ልጅቷን ካወቅኳት ሦስት ወር ሆነኝ። እንቅልፍ የለኝም፣ እህል አይወርድልኝም። አብጄ ይሆን?

አብሽር ወንድሜ፣ አላበድክም። በ2005 ተመራማሪዋ ኸለን ፊሸርና ባልደረቦቿ በፍቅር የከነፉ 17 ሰዎችን ኤምአርአይ (የአንጎልን ሥራ በምስል የሚያሳይ ማሽን) ውስጥ አስገብተው የሚወዱትን ሰው ፎቶ አሳዩአቸው። ዶፓሚን የሚባለውን ኬሚካል የሚያመነጨው የአንጎል ክፍል ነው የነቃው፣ ያው አንድን ነገር አጥብቀን እንድንፈልግ የሚገፋን ክፍል። አሁን ያለህበት ስሜት እውነተኛ ነው። ግን ጉድለቷን አጥርተህ የምታይበት ጊዜ አይደለምና ሽማግሌ ለመላክ አትቸኩል።

ከኮምቦልቻ፦ ይሄ የፍቅር እሳት ስንት ጊዜ ይቆያል?

ዶሮቲ ቴኖቭ የተባለች ተመራማሪ ብዙውን ጊዜ ከዓመት ተኩል እስከ ሦስት ዓመት ብላለች። ሁሉም ላይ ይጠፋል ማለት ግን አይደለም። ቢያንካ አሴቬዶና ቡድኗ በአማካይ 21 ዓመት በትዳር የቆዩና አሁንም በጣም እንዋደዳለን የሚሉ ሰዎችን ሲመረምሩ ያው የዶፓሚን ክፍል ነቅቶ አግኝተውታል።

ከሐይቅ፣ አንዲት እናት፦ ከባለቤቴ ጋር በአንድ ጉዳይ ሃያ ዓመት ተጨቃጨቅን። ትዳራችን ከሽፏል ማለት ነው?

አይደለም እትዬ። ጆን ጎትማን ባልና ሚስትን ለብዙ ዓመታት ያጠና ሰው ነው፣ እሱ እንዳገኘው ከጥንዶች ጭቅጭቅ 69 በመቶው ጨርሶ የማይፈታ ነው። ደስተኞቹም ቤት አለ። ትዳር የሚያፈርሰው ንቀት ነው፦ ማሽሟጠጥ፣ ማላገጥ፣ ዓይን ማንከባለል። ይሄ ቤትዎ ከገባ ነው የሚያስፈራኝ። ሲጋጋልባችሁ ደግሞ ቢያንስ 20 ደቂቃ ተለያይታችሁ ቆዩ፣ ልብ እየደለቀ ሰው መስማት አይችልም።

ከወልድያ፦ ባሌ ጥሩ ሰው ነው፣ አይጠጣም፣ አይማታም። ግን አብረን ሆነን ብቻዬን ነኝ።

እህቴ፣ ይሄ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ነው። እጣኑ ጨሷል፣ አቦሉ ተቀድቷል፣ አንቺ «ዛሬ ጎረቤታችን ምን አለችኝ መሰለህ» ትያለሽ፣ እሱ ስልኩን እያየ «እ» ይላል። ቶናው ላይ ሌላ ወሬ ትጀምሪያለሽ፣ አሁንም «እ»። በረካ ላይ ዝም ትያለሽ። ማንም አልተሳደበም፣ የሚከሰስ ጥፋት የለም፣ ግን የሆነ ነገር ሞቷል። ጎትማን ያጠናው ልክ ይሄንን ነው። አዲስ ተጋቢዎች አንዱ ወሬ ሲጀምር ወይም የሆነ ነገር ሲያሳይ ሌላው ዞር ብሎ መመለስ አለመመለሱን መዘገበ። ከስድስት ዓመት በኋላ አብረው የዘለቁት ከ100 እንዲህ ያለ የወሬ ጥሪ 86ቱን ይመልሱ የነበሩት ናቸው፣ የተፋቱት 33ቱን ብቻ። ለባልሽ «አትወደኝም» አትበይው፣ መከላከል ውስጥ ይገባል። «ቡና ላይ ስልኩን አስቀምጥልኝ፣ ላወራህ እፈልጋለሁ» በይው። የሚያደርገውን ነገር በግልጽ ስትነግሪው ይቀለዋል።

ከባቲ፦ ሚስቴ አረብ አገር ናት። በሳምንት አንዴ እንደዋወላለን፣ ወሬያችን ብር ብቻ ሆነ።

ስንቱ ቤት ውስጥ ያለ ነገር ነው። ሼሊ ጌብል የምትባል ተመራማሪ ሰው ደስታውን ሲነግረን የምንሰጠው መልስ ለግንኙነቱ ትልቅ ክብደት እንዳለው አሳይታለች። «ማዳሜ ዛሬ አመሰገነችኝ» ካለችህ «ጥሩ ነው፣ ብሩን ላክሽ?» አትበላት፣ እባክህን። ምን ብላ እንዳመሰገነቻት፣ እሷስ ምን እንደተሰማት ጠይቃት። የብሩን በጽሑፍ መላላክ ይቻላል።

ከደሴ፦ መስተፋቅር ይሠራል?

አይሠራም። ገንዘብህን ያዝ፣ ልጅቷን ቡና ጋብዛት።