«አያለቅስም» ማለት ችሎታል ማለት ነው?

የኮምቦልቻ አንባቢያችን የእህቷን ልጅ ታሳድጋለች። እናቱ ሪያድ የቤት ሠራተኛ ናት። ስትሄድ ልጁ 6 ዓመቱ ነበር፤ አሁን 9 ሞልቶታል። ደብዳቤዋ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«ከሄደች ጀምሮ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። ከክፍሉ አንደኛ ነው የሚወጣው። ውሃ ይቀዳል፣ የአያቱን መድኃኒት ሰዓት እሱ ነው የሚያስታውሳት፣ ሰፈሩ ሁሉ ‹ትልቅ ሰው› ይለዋል። እናቱ አርብ አርብ በኢሞ ስትደውል ግን ‹ደህና ነኝ› ይልና ስልኩን ለእኔ ይሰጠኛል። የላከችለትን ጫማ አልጋ ሥር አስቀምጦታል፣ አንድ ቀን አላደረገውም። ሰሞኑን ደግሞ አርብ ሲደርስ ‹ሆዴን› ይላል። እህቴ ኮንትራቷን ለ2 ዓመት ልታድስ ነው። ‹ልጄ ይችለው እንደሆነ ባለሙያ ጠይቂልኝ› አለችኝ። የልጅ ጥንካሬ የሚለካበት ምርመራ አለ?»

እህቴ፣ እንደ ደም ግፊት ክንድ ላይ ታስሮ ቁጥር የሚያወጣ ምርመራ የለም። መጠይቆች ግን አሉ። ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙበት አንዱ እንግሊዛዊው የልጆች የአእምሮ ሐኪም ሮበርት ጉድማን በ1997 እ.ኤ.አ. ያወጣው ባለ 25 ጥያቄ ነው፤ ጭንቀቱን፣ ጠባዩን፣ እረፍት ማጣቱን፣ ከጓደኞቹ ጋር ያለውን ነገርና ለሰው ማሰቡን ይጠይቃል። ሌላው ካናዳዊው ማይክል ኡንጋር ከብዙ አገር ባለሙያዎች ጋር ያዘጋጀው ነው። ይሄኛው ስለ ልጁ ብቻ ሳይሆን ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ትምህርት ቤቱና ስለ አካባቢው ጭምር ይጠይቃል። ሁለቱም ጠቃሚ ናቸው፣ ግን «ይህ ልጅ እናቱን ሌላ 2 ዓመት ባያይ ይችላል» ብሎ የሚፈርድ ወረቀት የለም። አለ የሚልሽ ካለ ገንዘብሽን አትስጪው።

እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን የምጠይቀው «ልጁ ምን ያህል ጠንካራ ነው?» ብዬ ሳይሆን «ሲከፋው ማን ጋ ይሄዳል?» ብዬ ነው። ይሄን የምለው ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም። ኤሚ ዋርነርና ሩት ስሚዝ የተባሉ ተመራማሪዎች ሃዋይ ውስጥ ካዋይ በምትባል ደሴት በ1955 እ.ኤ.አ. የተወለዱ 698 ልጆችን ጎልማሳ እስኪሆኑ ተከታትለዋቸዋል። ድህነት፣ የቤት ውስጥ ጠብ፣ የወላጅ ሕመም ተደራርቦባቸው ካደጉት መካከል ሲሶ ያህሉ ደህና ሰው ሆነው ወጡ። ከእነዚህ ልጆች ጀርባ በተደጋጋሚ የተገኘው ቢያንስ አንድ የሚያምኑት፣ ሁሌም የሚያገኙት ትልቅ ሰው ነው። አያት ሊሆን ይችላል፣ አክስት፣ ጎረቤት፣ መምህር። ወላጅ ብቻ መሆን የለበትም። ለእናቱ ይሄንን ንገሪያት፣ ትንሽ ያሳርፋታል።

አሁን እቤት የምትሠሪውን ልንገርሽ። ነጭ ወረቀት አምጪ። መሃሉ ላይ ስኒ ደፍተሽ ክብ አስምሪው፣ በዙሪያው በብርጭቆ፣ ከዚያ በሰሃን። መሃሉ ላይ የራሱን ስም ይጻፍ። «ቅርብህ ያሉትን ወደ ውስጥ፣ ራቅ ያሉትን ወደ ውጭ ጻፍልኝ» በይው። ከዚያ እንደ ጨዋታ ጠይቂው፦ ሌሊት ቢያምህ ማንን ትቀሰቅሳለህ? ብርጭቆ ብትሰብር መጀመሪያ ለማን ትናገራለህ? ትምህርት ቤት ቢመቱህስ? ጥሩ ነጥብ ስታመጣ ማን እንዲያይልህ ትፈልጋለህ? በግ ወይም የሞተ አጎቱን ቢጽፍ ዝም በይ፣ ይጻፍ። እናቱን ውጭ ላይ ቢያስቀምጣት ወይ ጭራሽ ቢተዋት ደግሞ ፊትሽ እንዳይለወጥ፣ «እንዴ እማዬስ?» እንዳትይው። ወረቀቱን ፎቶ አንስተሽ ለእህትሽ እንዳትልኪባት፤ ሰው ቤት ተቀምጣ ያንን ብታይ ሌሊቱን እንዴት ታድራለች?

ስሞቹን ለመቁጠር አትቸኩዪ። ከየትኛው ጥያቄ በኋላ ዝም እንዳለ አስተውዪ። «ሌሊት ቢያምህ» ስትይው «ማንንም አልቀሰቅስም» ካለ፣ ከአሥር ስም በላይ ነግሮሻል። ሁሉም መልስ አንቺ ብቻ ከሆንሽም ደስ አይበልሽ፣ አንቺ የታመምሽ ዕለት ልጁ ማንም የለውም ማለት ነው። ያኔ ሥራሽ ሰው መጨመር ነው። ስም ጠሪ መምህሩን ሄደሽ አናግሪ፤ ብዙ መምህራን አንደኛ የሚወጣ ዝምተኛ ልጅ ችግር አለበት ብለው አይጠረጥሩም። መድረሳ ወይም ሰንበት ትምህርት ቤት የሚሄድ ከሆነ እዚያም የሚወደው ሰው ይኖራል። ከእሱ ጋር ኳስ የሚጫወተውን የጎረቤት ልጅ ቅዳሜ ምሳ ጥሪው።

«ትልቅ ሰው» የምትለዋን ነገር ደግሞ ብትተዉለት ደስ ይለኛል። መርዳቱ ጥሩ ነው፣ ውሃ መቅዳቱም አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ባለማልቀሱ መወደሱ ነው። አንድ ልጅ ስሙ የቆመው ባለማልቀሱ ላይ ከሆነ ባለቀሰ ቀን ስሙን ያጣል፣ ይሄን 9 ዓመት የሞላው ልጅ በደንብ ያሰላዋል። የአያቱን መድኃኒት አንቺ ያዥው። እሱ ቢፈልግ ይርዳሽ፣ ኃላፊነቱ ግን ከትከሻው ይውረድ።

ጫማውን በተመለከተ መጀመሪያ አንድ ነገር አረጋግጪ፦ ይበቃዋል? እየቀለድኩ አይደለም። ውጭ ያሉ እናቶች ጫማ ሲገዙ የሚያስቡት ጥለውት የሄዱትን እግር ነው። ጫማው ጠብቦት ይሆናል፣ ይሄን መናገር ደግሞ እናቱን ማሳዘን መስሎት ይሆናል። እግሩን ወረቀት ላይ አስምሪውና በሚቀጥለው አርብ ራሱ በቪዲዮ ያሳያት። በልክ የገባ ጫማ ከሆነና ካላደረገው ግን ለምን እያልሽ አትወትውቺው፣ እዚያው ይቀመጥ። እንዲህ ያለ ትንሽ ሥራ ለስልኩም ይጠቅማል። «እንዴት ነህ?» ሲባል «ደህና ነኝ» ከማለት ሌላ ምን ይበል? ደብተሩን ያሳያት፣ ሥዕል ይሳልላት፣ እሷም የበላችውን ታሳየው። አምስት ደቂቃ ይበቃል፣ ሰዓቱ ግን የታወቀ ይሁን።

የሆዱን ነገር ጤና ጣቢያ ወስደሽ አስመርምሪው። ሰገራው ይታይ፣ ጃርዲያ ወይ ወስፋት ሊሆን ይችላል፣ ሁሉንም ነገር ለናፍቆት አንስጠው። ምንም ካልተገኘበትና አርብን እየጠበቀ ከመጣ ግን ሕመሙ የውሸት ነው ማለት አይደለም። ልጆች ሲጨነቁ ሆዳቸውን የምር ያማቸዋል። «አታስመስል» እንዳይባል። እንቅልፉ ከተበላሸ፣ አልጋ ላይ መሽናት ከጀመረ፣ ምግብ ከተወ፣ ጨዋታ ካስጠላውና ይሄ ሳምንታት ከቆየ፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ወዳለበት ሆስፒታል ውሰጂው። ስለ መሞት ካወራ ወይም ራሱን ከጎዳ ግን አንድ ቀንም አትጠብቂ። የአእምሮ ሐኪም ዘንድ መሄድ «አበደ» ማለት አይደለም፣ ጎረቤት የፈለገውን ይበል።

ኮንትራቱን ታድስ አታድስ እኔ አልወስንላትም። የቤቱን ወጪ፣ የአያትን መድኃኒት የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ከፈረመች ግን ልጁ ከአንቺ ወይ ከሰፈር ወሬ አይስማው። ራሷ ደውላ ትንገረው፣ አንቺም አጠገቡ ተቀመጪ። «በቅርቡ እመጣለሁ» የሚለውን ቃል ትተወው፣ 3 ዓመት ሰምቶታል። የምትመጣበትን ወር ካወቀች ወሩን ትንገረው። ካላወቀች «አላውቅም፣ ሳውቅ መጀመሪያ የምነግረው ለአንተ ነው» ትበለው። ከዚያ ሊቆጣ፣ ስልኩን ሊዘጋባት ይችላል። ይዝጋው፣ በሚቀጥለው አርብ በሰዓቷ ትደውል።