የቦልሩም ዳንስ ውድድር ፎቶ ልታነሺ ከሆነ፣ መጀመሪያ ሙዚቃውን መቁጠር ልመጂ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አነበብኩት። እስካሁን የኛን የሐበሻ ሰርግ ፎቶ ስታነሺ ቆይተሻል። አሁን ደግሞ ሜሪላንድ ያለ የዳንስ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ የሚወዳደሩበትን የቦልሩም (ጥንዶች ተያይዘው የሚደንሱት ዳንስ) ውድድርና ማታ ያለውን የእራት ግብዣ እንድታነሺ ጠይቆሻል። «ምን ሌንስ ልግዛ? ሸተሩን (የካሜራውን የመክፈቻና መዝጊያ ፍጥነት) ስንት ላድርገው? ፍላሽ ይፈቀዳል?» ብለሻል። እኔም ከሰርግ ጎን ለጎን ይህን ሥራ ስሠራ ቆይቻለሁ፤ በጣምም እወደዋለሁ። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልሽ።

ሌንሱ ይቆይ። መጀመሪያ ሙዚቃውን መቁጠር ልመጂ። ቦልሩም ላይ ፎቶው የሚገኝበት ቅጽበት በሙዚቃው ውስጥ ቦታው የታወቀ ነው። ዋልዝን ውሰጂ። በሦስት ነው የሚቆጠረው። «አንድ» ሲቆጠር ጥንዶቹ ዝቅ ብለው ይራመዳሉ። ሁለት ላይ መነሳት ይጀምራሉ። ሦስት ላይ በጣቶቻቸው ቆመው፣ አንገታቸው ረዝሞ፣ ሰውነታቸው ተዘርግቶ ታያቸዋለሽ። መጫን ያለብሽ እዚያ ጋ ነው። «አንድ» ላይ ከተጫንሽ ጉልበት የታጠፈበትና ቀሚስ የወረደበት ምስል ይዘሽ ትመለሻለሽ። ዋልዝ በደቂቃ ከ84 እስከ 90 ምት ስለሆነ ረጋ ብለሽ መከተል ትችያለሽ። ቪየኒዝ ዋልዝ ግን በዚያው የሦስት ቆጠራ በእጥፍ ፍጥነት ይሽከረከራል። እዚያ ላይ የሴቷ ፊት ወደ አንቺ የሚዞርበትን ጠብቂ።

ሩምባ በአራት ይቆጠራል፣ ግን እርምጃው ሁለት፣ ሦስትና አራት ላይ ነው። «አንድ» ላይ አዲስ እርምጃ የለም። ክብደቱ ይረጋል፣ ዳሌው ይዞራል፣ እጅ እስከ ጣት ጫፍ ይዘረጋል። የሩምባ ፎቶ ከአራት ወደ አንድ በሚሻገረው ቦታ ላይ ነው። ታንጎ ላይ ከፍ ዝቅ የሚባል ነገር የለም። ቆረጥ አድርገው ይሄዱና ቀጥ ይላሉ፤ ጭንቅላት እንደዞረ ወዲያው ተጫኚ። ፓሶ ዶብሌ ላይ ደግሞ ሙዚቃው እየጋለ መጥቶ ድንገት የሚያርፍባቸው ቦታዎች አሉ። ያን ጊዜ ወለሉ ላይ ያለው ጥንድ ሁሉ በአንድ ላይ ቀጥ ይላል። ሰፊ ሌንስ የያዘውን ካሜራ ለዚያች ሰከንድ አዘጋጂው።

ይህን ለመልመድ ገንዘብ አያስፈልግም። እንግሊዝ አገር ብላክፑል ውስጥ፣ ኢምፕረስ ቦልሩም አዳራሽ፣ ከ1920 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትልቅ የዳንስ ፌስቲቫል ይካሄዳል። ቪዲዮዎቹን ዩቲዩብ ላይ ታገኛለሽ። ድምፁን ከፍ አድርጊና በእጅሽ እያጨበጨብሽ ቁጠሪ። ፎቶ ባነሳ የምትዪበት ቦታ ላይ ቪዲዮውን አቁሚውና ምን እንደያዝሽ እዪ። በሳምንት ውስጥ ዓይንሽ ይለወጣል።

ቀጥሎ የት ትቆሚያለሽ የሚለው ነው። ዋልዝ፣ ታንጎ፣ ፎክስትሮት፣ ኩዊክስቴፕና ቪየኒዝ ዋልዝ ወለሉን ከሰዓት ዘንግ በተቃራኒ እየዞሩ ነው የሚሄዱት። ሩምባ፣ ቻቻና ጃይቭ ብዙም ቦታ አይለቁም። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ጥግ ያዢ። ጥንዶቹ በረጅሙ ጎን ወደ አንቺ ይመጣሉ፣ ጥጉ ላይ ደግሞ ይታጠፋሉ። ብዙ ጊዜ ወንዱ ወደፊት፣ ሴቷ ወደኋላ ስለምትሄድ ፊት ለፊት ከቆምሽ የምታገኚው የእሷን ጀርባ ነው። ሲታጠፉ ግን ፊቷ ይመጣል።

ሌላም አለ። ተቃቅፈው ሲደንሱ ሁለቱም ወደየግራቸው ነው የሚያዩት፤ ሁለቱን ፊት ባንድ ፎቶ ማግኘት ይከብዳል። ፕሮሜናድ የሚሉት አቋም ላይ ግን ሁለቱም ወደ ተያያዙት እጆቻቸው ይዞራሉ። አንቺ በዚያ በኩል ካለሽ ሁለቱንም ፊት አገኘሽ ማለት ነው። ታንጎ ላይ ይህ ተደጋግሞ ይመጣል።

የኛን ሰርግ ያነሳ ሰው አንድ ልማድ አለበት። እስክስታ ላይ ዓይናችን ትከሻ፣ አንገትና ፊት ላይ ስለሆነ ከወገብ በላይ ማንሳት ለምደናል። ቦልሩም ላይ እግር የሌለው ፎቶ አይሸጥም። ዳንሰኞቹ ፎቶውን ሲያገኙ መጀመሪያ የሚያዩት የራሳቸውን እግር ነው፤ ከቁርጭምጭሚት ላይ ከቆረጥሽው ፊታቸው የቱንም ያህል ቢያምር ያልፉታል። ተንበርክከሽ ካነሳሽ እግር ይረዝማል፣ ጀርባው ላይ ያለው ወንበርና ጠረጴዛም ይቀንሳል። ብቻ ዳኞቹ ወለሉ ዳር ላይ ነው የሚቆሙት፤ እይታቸውን እንዳትጋርጂ።

ወደ ካሜራው ልምጣ። 70-200 ኤፍ 2.8 ሌንስ (ከሩቅ አቅርቦ የሚያነሳና ብዙ ብርሃን የሚያስገባ) ይበቃል፣ እሱንም አትግዢ፣ ተከራዪ። ለዋልዝና ለታንጎ ሸተሩን 1/400 ሰከንድ፣ ለላቲን (እንደ ሩምባ፣ ቻቻ፣ ጃይቭና ፓሶ ዶብሌ ላሉት) 1/640 ወይም ከዚያ በላይ አድርጊው። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 3200 ወይም 6400 ቢደርስ አትፍሪ። የሚያስቸግረው የሆቴል አዳራሽ መብራት ነው። አሜሪካ ውስጥ ኤሌክትሪኩ 60 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ መብራት በሰከንድ 120 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል፤ አገር ቤት 50 ኸርዝ ስለሆነ 100 ጊዜ ነው። ዓይን አያየውም፣ ካሜራው ግን መስመር መስመር አድርጎ ያወጣዋል። ድምፅ አልባውን ኤሌክትሮኒክ ሸተር ተዪው፣ የካሜራሽን የፍሊከር (የመብራት ብልጭታ) መከላከያም አብሪው። ዳንሰኞቹ ቆዳቸውን የሚያጠቁር ቀለም ይቀባሉ። አውቶ ዋይት ባላንስ (ካሜራው ቀለሙን በራሱ የሚያስተካክልበት) ላይ ከተማመንሽ ብርቱካን መስለው ይወጣሉ። ኬልቪኑን (የብርሃኑን ቀለም መለኪያ) በእጅሽ አስተካክይ።

ፍላሽ በብዙ ውድድር ላይ አይፈቀድም፣ ቢፈቀድም እኔ አልጠቀምም። ወለሉ ላይ ብዙ ጥንድ ባንድ ጊዜ አለ። የሚመራው ሰው ለአፍታ ዓይኑ ከጨለመ ከሌላው ጋር ይጋጫል። ለማታው እራት አቆዪው። ጣሪያው ነጭና ዝቅ ያለ ከሆነ ወደ ላይ አንጥሪው። እዚያ የሰርግ ልምድሽ ይበቃሻል።

አሁን ከሁሉም በላይ የምጨነቅበትን ልንገርሽ። እንዲህ ያለው ውድድር አብዛኛው ተማሪ ከአስተማሪው ጋር የሚደንስበት ነው። አስተማሪው ባለሙያ ስለሆነ ዓይንሽ ወደ እሱ ይሳባል። እባክሽ ፎከሱን ተማሪዋ ላይ አድርጊ። ከመግቢያው ጋ ተራቸውን የሚጠብቁትን እያቸው። ሰባ ዓመት የሚሆናት ሴት ወንበር ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ሶል በሽቦ ብሩሽ ትፈገፍጋለች፤ ሶሉ ከለስላሳ ቆዳ የተሠራ ስለሆነ እንዳያንሸራትታት ነው። አስተማሪዋ ጎንበስ ብሎ የቀሚሷን ማንጠልጠያ ያስተካክላል። እሷ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች እርምጃዋን ትቆጥራለች። ይህን አንሺ። ዳንሱ ሁለት ደቂቃ እንኳ ላይሞላ ይችላል፣ እሷ ግን ወራት ለፍታለች። ልጆቿም ምናልባት ስትደንስ አይተዋት አያውቁም። ቤቷ የምትሰቅለው አንድ ፎቶ ከአንቺ ሊወጣ ይችላል።

ወንዱ ጀርባ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ትልቅ ሥራ ይቀንስልሻል። እያንዳንዱ ጥንድ ሲገባ ቁጥሩን አንድ ጊዜ አንሺ፤ ማታ በሺህ የሚቆጠር ፎቶ ስትለዪ ትመርቂኛለሽ።

ከመስማማትሽ በፊት ግን አንድ ነገር። የጋበዘሽ ትምህርት ቤቱ ነው፣ አዳራሹን የያዘው ግን የውድድሩ አዘጋጅ ሊሆን ይችላል። ብዙ ውድድር የራሱ ፎቶግራፈር አለው፤ ወለሉ ዳር ለማንሳትም ሆነ ፎቶ ለመሸጥ መብቱ የእሱ ብቻ ይሆናል። ትምህርት ቤቱ አዘጋጁን ጠይቆ በጽሑፍ ፈቃድ ያምጣልሽ፤ ቀብድ የምትቀበዪው ከዚያ በኋላ ይሁን። ካልተፈቀደ መጠበቂያ ቦታውንና እራቱን ብቻ ተስማሚ፣ እሱም በቂ ሥራ ነው። የቀኑን ፕሮግራም ሲልኩልሽ እዚሁ ለጥፊው፤ በየሰዓቱ የት ብትቆሚ እንደሚሻል አብረን እናየዋለን።