መልስ፦ በጥንት ሥዕሎች አብ ለምን እንደ እጅ ብቻ ይታያል?

ጥንት ሠዓሊዎቹ ማንም ያላየውን አብን በሰው መልክ ለመሣል አይደፍሩም ነበር። በምትኩ ከሰማይ የሚዘረጋ እጅ ይሥሉ ነበር። ይህን እጅ አይሁድም ይሥሉት ነበር፤ በሶርያ፣ ዱራ ዩሮፖስ፣ በ245 እ.ኤ.አ. ገደማ በተሣለው ምኩራብ ይታያል።

በጣሊያን፣ ራቬና አጠገብ በክላሴ፣ በ549 እ.ኤ.አ. በተቀደሰው የቅዱስ አፖሊናሬ ቤተ ክርስቲያን ያለውን ሞዛይክ (ከጥቃቅን ባለቀለም ቁርጥራጮች የተሠራ ሥዕል) ግን ረጋ ብለህ እየው። ታሪኩ ደብረ ታቦር ነው። ከላይ የአብ እጅ፣ ከሥሩ በከዋክብት መሀል በዕንቁ ያጌጠ መስቀል አለ። ብዙ ሰው መስቀሉን ብቻ አይቶ ያልፋል፤ መሀል ለመሀል ያለችውን ትንሿን የክርስቶስን ፊት አያስተውልም። ሦስቱ በጎች ጴጥሮስ፣ ያዕቆብና ዮሐንስ ናቸው።

ከደንቡ የወጣም አለ፦ በቫቲካን ባለው የ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእብነ በረድ የሬሳ ሣጥን ላይ፣ ሔዋን ስትፈጠር ሦስት ጢማም ሰዎች ተቀርጸዋል። ብዙ ተመራማሪዎች ሥላሴ ናቸው ይላሉ።