ቀለሙ ይቆይ፣ መጀመሪያ መተላለፊያውን አስፊ

እህቴ፣ «ልብስ ቤት ከፍቻለሁ፣ ሰው ይገባል፣ ዞር ዞር ብሎ አይቶ ይወጣል፤ ያለችኝን ገንዘብ ቀለም ላይ ላውላት፣ መብራት ላይ ወይስ ሙዚቃ ላይ?» ላልሽው፣ ልብስ በመሸጥ ብዙ ዓመት ስለሠራሁ ያየሁትን ልንገርሽ።

ቀለሙ ይቆይ። ደማቅ ቀለም መንገደኛ ይጠራ ይሆናል፣ የገባውን ግን አያቆይም። አንቺን የቸገረሽ ደግሞ የሚገባ ሰው ሳይሆን የሚቆይ ሰው ነው።

መጀመሪያ በመስቀያዎቹ መሃል ያለውን መተላለፊያ እዪው። አንዷ ጎንበስ ብላ ዋጋ ስታነብ ሌላው ሳይነካት ማለፍ ይችላል? እኔ ደጋግሜ ያየሁት ይሄን ነው፦ ደንበኛዋ የቀሚሱን እጅጌ ይዛ ዋጋውን ትፈልጋለች። ከኋላዋ አንዱ ቦርሳውን እያስታከከ «ይቅርታ» ብሎ ያልፋል። እጅጌውን ትለቅና ጠጋ ትላለች። አንዴ ጠጋ ካለች ተመልሳ ቀሚሱን አትይዝም፣ ቀስ በቀስ ወደ በሩ ነው። ዕቃውን ጠልታ እንዳይመስልሽ!

የገበያተኞችን ባህሪ በካሜራ እየቀረጸ ያጠናው አሜሪካዊው ፓኮ አንደርሂልም ኒውዮርክ በሚገኘው ብሉሚንግዴልስ በተባለ ትልቅ መደብር ያስተዋለው ይህንኑ ነው። የክራባት መደርደሪያው በሩ አጠገብ ነበር። ሰዎች ክራባት እያዩ ሳሉ አላፊ አግዳሚው ሲገፋቸው ትተው ይሄዱ ነበር። መደርደሪያው ከመተላለፊያው ሲነሳ ሽያጩ ጨመረ። እኛም ጋ መሃል ላይ የነበረውን ክብ መስቀያ ስናነሳ ባለቤቱ «ዕቃ ተደብቆ ሊሸጥ ነው?» ብሎ ተቆጥቶ ነበር። ሰው ቆም ብሎ መምረጥ ሲጀምር ግን ራሱ ሌላ መስቀያ አስነሳ።

ከዚያ መሞከሪያ ክፍሉ። እዚህ ላይ አትሰስቺ። ልብስ የሚሸጠው እዚያ ነው። አምፖሉ ልክ ከአናት በላይ ከሆነ ዓይን ስር ጥላ ይጥላል፣ ፊት የደከመ ይመስላል። ሰው ደግሞ መብራቱን አይወቅስም፣ ልብሱን ነው «አይሆነኝም» የሚለው። መብራቱን ከመስታወቱ ግራና ቀኝ፣ በፊት ቁመት ልክ አድርጊው። የልብሱን ቀለም የሚለውጥ አምፖልም ይቅርብሽ፤ ውጭ ስትወጣ ቀለሙ ሌላ የሆነባት ደንበኛ ልትመልሰው ትመጣለች። ቦርሳ መስቀያ አድርጊ። ውጭ ለሚጠብቀው ሰው ወንበር አስቀምጪ። ቆሞ የሰለቸ አጃቢ «በይ እንሂድ» ካለ አለቀ።

ሙዚቃ ወጪው ትንሽ ነው፣ ሥራው ግን ቀላል አይደለም። ሮናልድ ሚሊማን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1982 ባወጣው ጥናት፣ አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ ዝግ ያለ ሙዚቃ ሲከፈት ሰዉ ቀስ ብሎ ይራመድ ነበር፤ ሽያጩም ፈጣኑ ሲከፈት ከነበረው 38 በመቶ ገደማ በልጧል። ልብስ ቤት ሱፐርማርኬት ስላልሆነ ያንን ቁጥር አትጠብቂ። አሬኒና ኪም የተባሉ ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1993 ወይን መሸጫ ውስጥ ያገኙት ለአንቺ ይቀርባል፦ ክላሲካል ሙዚቃ ሲከፈት ሰዎች የገዙት ብዛት አልጨመረም፣ ውድ ውዱን ግን መረጡ። ስለዚህ ሙዚቃሽ ከምትሸጪው ልብስ ጋር ይሂድ። ምርጫውንም ለሻጮቹ አትተዪላቸው። እነሱ የሚከፍቱት ቀኑን ለመግፋት ነው፣ አልፈርድባቸውም።

ሽቶ ላይ ገንዘብ አታጥፊ። እርጥበት እርጥበት ካልሸተተ ይበቃል።

ገንዘቡን ከማውጣትሽ በፊት ግን ሰው በሚበዛበት ሰዓት ጥግ ይዘሽ ሰዉ የት ላይ ቆሞ ፊቱን እንደሚያዞር ተመልከቺ። የመሞከሪያ ክፍሉን ፎቶ ብትለጥፊልን ደግሞ መብራቱ የት ቢሆን እንደሚሻል አይተን እንነግርሻለን።