ለከተማ መንገድ ያገለገለ ሴዳን ሲገዙ፦ ከኪሎ ሜትሩ በፊት ካምቢዮውን ይመርምሩ

የአንባቢው ጥያቄ፦ «ለሥራ መመላለሻ የሚሆን ያገለገለ መካከለኛ ሴዳን ልገዛ ነው። በቀን ደርሶ መልስ 36 ኪሎ ሜትር እነዳለሁ፤ መንገዱ ስለሚጨናነቅ ሁለት ሰዓት ይፈጅብኛል። አራት መኪና አይቻለሁ፤ የ2014 ቶዮታ ካምሪ 2.5፣ የ2014 ሆንዳ አኮርድ 2.4፣ የ2014 ኒሳን አልቲማ 2.5 እና የ2012 ሀዩንዳይ ሶናታ 2.4፤ ዓመቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ካምሪው 160,000 ኪሎ ሜትር ሄዷል። አልቲማው 70,000 ብቻ ሲሆን በዋጋም ይረክሳል። ብዙ ያልሄደውን ብወስድ ይሻለኛል? ከመክፈሌ በፊትስ ምን ላስመርምር?»

ኪሎ ሜትሩ ስላነሰ ብቻ አልቲማውን አይውሰዱት። በነገሩን ልክ ከሄድን የእርስዎ አማካይ ፍጥነት በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ነው። አልቲማውም እንደ እርስዎ ባለ መንገድ ላይ የኖረ ከሆነ 70,000 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሞተሩ 3,900 ሰዓት ገደማ ሠርቷል። ካምሪው ከከተማ ውጭ በአማካይ 70 እየተነዳ 160,000 የሞላ ከሆነ ግን የሠራው 2,300 ሰዓት ያህል ነው። ዘይት የሚያረጀው፣ ካምቢዮ የሚግለው፣ የራዲያተር ቬንቲላተር የሚደክመው በሠሩበት ሰዓት ልክ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ሄደ?» ሳይሆን «የት ሄደ?» መሆን አለበት። በአንዳንድ መኪኖች ስካነር (ከመኪናው ኮምፒዩተር ጋር ተሰክቶ መረጃውን የሚያነብ መሣሪያ) ጠቅላላውን የሞተር ሰዓት ያነባል፤ የማያነብ ከሆነ የፍሬን ፔዳሉን ጎማ ይዩ። 70,000 ብቻ ሄደ የተባለ መኪና የፔዳሉ ጎማ ጠርዙ ተበልቶ ልሙጥ ሆኖ ካገኙት፣ ወይ ዕድሜውን ሙሉ በመጨናነቅ ውስጥ ፍሬን ሲረገጥ ኖሯል፣ ወይ ቆጣሪው ተነክቷል።

አሁን ወደ ካምቢዮው እንምጣ፤ በከተማ መኪና ላይ ትልቁን ወጪ የሚያመጣው እሱ ነው። የ2014 ካምሪ ባለ 6 ማርሽ መደበኛ አውቶማቲክ አለው። አልቲማው ሲቪቲ ነው፤ በውስጡ ማርሽ የለም፤ የብረት ቺንጋ በሁለት ፑሊዎች መካከል ተጨብጦ ይሽከረከራል። ያንን ቺንጋ ጨብጦ የሚይዘው የዘይት ግፊት ነው። በመጨናነቅ ውስጥ ዘይቱ ሲግል ይቀጥናል፣ ጭበጣው ይላላል፣ ቺንጋው በትንሹ ይንሸራተታል። በተንሸራተተ ቁጥር የፑሊውን ፊት ይጭረዋል፤ የተጫረው የብረት ብናኝ ደግሞ ከዘይቱ ጋር ዞሮ ወደ ቫልቮቹ ይገባል። ከ2013 እስከ 2016 ባሉት አልቲማዎች ላይ ይህ ችግር ስለበዛ ኩባንያው አሜሪካ ውስጥ የካምቢዮውን ዋስትና ወደ 84 ወር ወይም 84,000 ማይል (135,000 ኪሎ ሜትር ገደማ) አራዝሞ ነበር። ያዩት መኪና ይበላሻል ብዬ አልፈርድም፤ ግን ለእርስዎ ዓይነት መንገድ አውቆ መግዛት አይገባም።

አኮርዱም ሲቪቲ ነው፤ ሆኖም የሆንዳ የራሱ ሥራ ሲሆን የተሻለ ስም አለው። ቁም ነገሩ ዘይቱ ነው። የሚቀበለው ኤችሲኤፍ-2 የተባለውን ብቻ ነው፤ ተራ የአውቶማቲክ ዘይት የገባበት ከሆነ ጉዳቱ በኋላ ይወጣል። በከተማ የተነዳ አኮርድ በየ40,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይቱ መቀየሩን የሚያሳይ ወረቀት ከሌለው ዋጋውን እንደዚያው ዝቅ አድርገው ይነጋገሩ። ባለ 6 ሲሊንደሩን አኮርድ ካገኙ ካምቢዮው መደበኛ አውቶማቲክ ነው፤ ታዲያ ሞተሩ የታይሚንግ ቺንጋ (የቫልቮቹን እንቅስቃሴ ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስተባብር) ስላለው ቺንጋው በ160,000 ኪሎ ሜትር ወይም በ7 ዓመት አካባቢ መቀየር አለበት፤ ያንን ወጪ አብረው ያስሉ።

ሶናታው ካምቢዮው ደህና ነው፤ የሚያሳስበው ሞተሩ ነው። በ2011 እና በ2012 ሶናታዎች ላይ ክራንክ ሻፍቱ ሲቆረጥ የቀረ የብረት ፍርፋሪ በዘይት መተላለፊያው ውስጥ ቀርቶ የኮኔክቲንግ ሮድ ብሮንዚናዎችን (ፒስተኑን የያዘው ዘንግ በክራንክ ሻፍቱ ላይ የሚዞርባቸውን) ዘይት ሊያስጠማቸው እንደሚችል ስለታወቀ በ2015 አምራቹ መኪናዎቹ ተመልሰው እንዲጠገኑ ጥሪ አውጥቶባቸዋል። በሻንሲ ቁጥሩ ያጣሩ። ጥሪው ተፈጽሞ ወይም ሞተሩ ተቀይሮ ማስረጃ ካለው ይታያል። ማስረጃ ከሌለው፣ ወይም ጋዝ ሲሰጡት ከሥር «ቀ-ቀ-ቀ» የሚል ከሞተሩ ፍጥነት ጋር አብሮ የሚፈጥን ድምፅ ካለ፣ ድርድሩን እዚያው ያቁሙ።

ስለዚህ ከአራቱ የእኔ ምርጫ ካምሪው ነው። ሞተሩ በታይሚንግ ቺንጋ ፋንታ ካቴና ያለው ነው፤ ቤንዚኑን የሚረጨው ከቫልቮቹ በፊት ባለው መግቢያ ላይ ስለሆነ ቫልቮቹ ላይ የሚጋገር ጥቀርሻ አያስቸግረውም። ከ2007 እስከ 2009 ያለውን ካምሪ 2.4 ግን ከዚህ ጋር አያምታቱት፤ ያኛው በፒስተኑና በፋሻው ምክንያት ዘይት ይበላል።

በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው አንድ ተጨማሪ አማራጭ ልጠቁም፤ የ2012–2017 ካምሪ ሃይብሪድ። «ኢ-ሲቪቲ» ሲባል ብዙ ሰው ከአልቲማው ጋር ያምታታዋል። ይህ ግን የፕላኔተሪ ጥርስ (በአንድ መሃል ጥርስ ዙሪያ የሚዞሩ ጥርሶች) እና ሁለት የኤሌክትሪክ ሞተሮች እንጂ ቺንጋ የለውም። ሞተሪኖም ዲናሞም የለውም፤ ሥራቸውን እነዚያው የኤሌክትሪክ ሞተሮች ይሠሩታል። ቆሞ ሲጠብቅ ሞተሩ ይጠፋል፤ ፍጥነት ሲቀንስ የሚባክነው ጉልበት ወደ ባትሪው ስለሚመለስ የፍሬን ሸራውም ይቆያል። ሊያሳስብዎ የሚገባው ባለ 244.8 ቮልት ባትሪው ነው። በስካነር የባትሪው ክፍሎች 17 ጥንድ ሆነው ይነበባሉ፤ ባዶ ቆሞ ሁሉም እኩል ሊመስል ስለሚችል አንድ ሰው ጋዝ እየሰጠ እየነዳ ሌላው ንባቡን ይከታተል። አንዱ ጥንድ ከሌሎቹ ከ1 ቮልት በላይ ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ ባትሪው ወደ ማለቁ ነው። በኋላ መቀመጫ አካባቢ ያለውን የባትሪ አየር መሳቢያም ይዩት፤ በአቧራና በፀጉር የተደፈነ ከሆነ ባትሪው ሲቀቀል ኖሯል ማለት ነው።

ምርመራውን በጠዋት ያድርጉት። ሻጩን «እኔ ሳልመጣ አታስነሳው» ይበሉት፤ ሲደርሱ ኮፈኑን በእጅዎ ይንኩ። ከሞቀ ሌላ ቀን ይመለሱ፤ ብዙ በሽታ የሚታየው በቀዝቃዛ ሞተር ላይ ነውና። መጀመሪያ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ያውጡ፤ ከዝቅተኛው ምልክት በታች ከሆነ ወይ ይበላል ወይ ያፈሳል። የዘይት መሙያውን ክዳን ገልብጠው ይዩ። ከሥሩ ወተት ያለው ቡና የመሰለ ዝልግልግ ነገር ቢኖር አይደንግጡ፤ አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ ሞተር በደንብ ስለማይሞቅ በውስጡ የተጠራቀመው እርጥበት ክዳኑ ላይ ይይዛል። ያው ነገር ዘንጉ ላይም ካለና የራዲያተሩ ውሃ ከቀነሰ ግን የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በአካሉ መካከል ያለው ማሸጊያ) ነገር ነው፤ ተዉት። ካምሪው ላይ በተለይ የውሃ ፓምፑን አካባቢ በባትሪ መብራት ይዩ፤ ሮዝ ቀለም ያለው ደረቅ ቅርፊት ካለ ፓምፑ እያንጠባጠበ ነው። የሚቀየር ዕቃ ስለሆነ መኪናውን አያስጥልም፤ ዋጋ ላይ ግን ይነጋገሩበት።

ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ይክፈቱና የሞተር ምልክቱ መብራቱን፣ ከተነሳ በኋላም መጥፋቱን ይዩ። ጭራሽ የማይበራ ከሆነ ሆን ተብሎ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ስካነር ሲሰካ የተመዘገበ ስህተት አለመኖሩ ብቻውን አያረካም፤ የመኪናው ኮምፒዩተር በራሱ የሚያደርጋቸው ምርመራዎች ዝርዝር «አልተጠናቀቀም» የሚል ብዙ ካለበት ስህተቱ በቅርቡ ተደምስሷል፣ ወይም ባትሪው ተነቅሎ ነበር። እዚያው ባለ 12 ቮልቱን ባትሪ ይለኩ። ቆሞ ካደረ 12.4 እስከ 12.7 ቮልት፣ ሲነሳ ከ9.6 የማይወርድ፣ ከተነሳ በኋላ 13.5 እስከ 14.7 መሆን አለበት (ሃይብሪዱ ላይ የማስነሻው ንባብ አይሠራም)። ሲነሳ ነጭ ጭስ ለደቂቃ ወጥቶ ቢጠፋ እንፋሎት ነው፤ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው።

ከዚያ ይንዱት፤ ለአሥር ደቂቃ ሳይሆን ቢያንስ ለአርባ ደቂቃ፣ እርስዎ በሚነዱበት ሰዓትና በሚጨናነቅ መንገድ። ካምቢዮ ቀዝቅዞ ሳለ ሁሉም ጥሩ ነው። በደንብ ከሞቀ በኋላ ከ30 እስከ 70 ባለው ፍጥነት ጋዙን በቀስታ እየጨመሩ ይሂዱ። ጎርባጣ መንገድ ላይ እንደመሄድ ያለ መንዘር ከመጣና ጋዙን ሲለቁ ከጠፋ፣ ካምሪው ላይ የቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው)፣ ሲቪቲዎቹ ላይ የቺንጋው ነገር ነው። ቆመው ፍሬን እንደረገጡ ከፎሌ ወደ ዲ፣ ከዲ ወደ አር ያስገቡ፤ ከሁለት ሰከንድ በላይ ቆይቶ «ዱብ» ብሎ የሚይዝ ካምቢዮ ደክሟል። ስካነሩ ተሰክቶ ይቆይና የካምቢዮውን የዘይት ሙቀት ይከታተሉ፤ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ጤና ነው፤ 110ን አልፎ መውጣቱን ከቀጠለ ማቀዝቀዣው ተደፍኗል ወይም ውስጡ እየተንሸራተተ ነው።

ሲመለሱ አያጥፉት። ኤርኮንዲሽነሩን ከፍተው በሚኒሞ 15 ደቂቃ ያቁሙት። ዳሽቦርድ ላይ ያለውን መርፌ አይመኑ፤ መርፌው በሰፊ የሙቀት ልዩነት ውስጥ መሃል ላይ እንዲቆም ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ ሲንቀሳቀስ ነገሩ ዘግይቷል። ትክክለኛውን የውሃ ሙቀት ከስካነሩ ያንብቡ፤ በ85 እና በ100 መካከል መቆየት አለበት፤ ቬንቲላተሩም ሲሠራ መስማት አለብዎ።

ጎማና ፍሬን ብዙ አያከራክርም። የፍሬን ሸራ 3 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ይቀየራል። ጎማው ላይ ያሉት አራት አሃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ማለት በአውሮፓ አቆጣጠር የ2019 23ኛ ሳምንት ነው።

ካምሪውን ከገዙ የመጀመሪያው ሥራ ዘይት ነው። የሞተሩ 4.4 ሊትር 0ደብልዩ-20 የተባለው ቀጭን ዘይት ነው፤ ፊልትሮው አብሮ ይቀየራል። በ18 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 10,000 ኪሎ ሜትር ማለት ከ550 ሰዓት በላይ ስለሆነ ያን ያህል አይጠብቁ፤ በ5,000 ይቀይሩ። የካምቢዮውን ዘይት «የዕድሜ ልክ ነው፣ አይነካም» ቢሉዎ አይቀበሉ። ካምቢዮው መለኪያ ዘንግ የለውም፤ ደረጃው የሚታወቀው ዘይቱ 40 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ፣ መኪናው ቀጥ ብሎ ተሰቅሎ፣ ሞተሩ እየሠራ ከሥር ያለውን ቡሎን ከፍቶ ትርፉ ጠብ ጠብ እያለ ሲያልቅ ነው። ትኩስ ሳለ ከተለካ ዘይቱ ስለተነፋ ትክክል መስሎ ጎድሎ ይቀራል፤ ሲቀዘቅዝ ካምቢዮው ማርሽ ይዘገያል። የሚገባው ቶዮታ ደብልዩኤስ የሚለው ዘይት ነው።

ካምሪው በሁሉም አልፎ ያቺን የቶርክ ኮንቨርተር መንዘር ብቻ ካሳየ ወዲያው አይተዉት። የወጣው ዘይት ቀይና ጥርት ያለ ከሆነ ዘይቱን ሁለት ጊዜ፣ በመካከላቸው ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ነድተው፣ ይቀይሩለት፤ መንዘሩ በዚህ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው፣ ወይም ከሁለተኛው በኋላም ከቀጠለ፣ ኮንቨርተሩ ይቀየራል፤ ለዚያም ካምቢዮው ከሞተሩ ተለይቶ መውረድ ስላለበት የዕቃውንና የእጅ ዋጋውን ከመክፈልዎ በፊት ጠይቀው ከመኪናው ዋጋ ላይ ያስቀንሱ።