ሳምፕለር ከመምረጣችሁ በፊት

ይድረስ በድሬዳዋና በሐረር በኮምፒውተር ሙዚቃ ለምታቀናብሩ ልጆቼ፤

«የትኛው ሳምፕለር ይሻላል?» ትላላችሁ። አንድ ስም ጠርቶ ማለፍ ቀላል ነው፤ ግን ያ ስም ለሌላ ሰው ሥራ፣ ለሌላ ሰው ማሽን የተመረጠ ይሆናል። አፈታተኑን ካወቃችሁ ግን ዛሬ ያለውንም ነገ የሚወጣውንም ራሳችሁ ትመዝናላችሁ። ሳምፕለር የሚፈተነው አምራቹ አብሮት በላከው ፒያኖና ቫዮሊን አይደለም። እናንተ በቀዳችሁት ክራር፣ ኡድና ከበሮ፣ በራሳችሁ ላፕቶፕ፣ በድሬ ቀትር ነው።

በመጀመሪያ ሁለት ነገር አትቀላቅሉ። ሳምፕለሩ ድምፁን የሚያነብና የሚያጫውት ፕሮግራም ነው፤ ላይብረሪው ደግሞ የተቀዳው ድምፅ ነው። «ይሄ ሳምፕለር ያምራል» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የተወደደው ላይብረሪው ነው። በዚህ መደናገር ብዙ ዳታ ይቃጠላል። ለምሳሌ ኮንታክት የሚባለው ሳምፕለር ነጻ ማጫወቻ አለው፤ ኢንተርኔት ላይ «ነጻ የኮንታክት ላይብረሪ» ተብሎ የሚለቀቀው ብዙው ግን የሚሠራው በሚሸጠው ሙሉ ኮንታክት ነው። በነጻው ማጫወቻ ከከፈታችሁት ከ15 ደቂቃ በኋላ ድምፁ ይጠፋል። ላይብረሪ ማውረድ ከመጀመራችሁ በፊት በየትኛው እትም እንደሚሠራ የተጻፈውን አንብቡ። ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ ያደረ ፋይል ጠዋት ላይ የማይሠራ ሆኖ ማግኘት ያማል።

አሁን የፈተናውን ድምፅ አዘጋጁ። ክራር ይሁን። ስድስቱን ክር አንድ በአንድ፣ በሦስት ጉልበት፣ ማለትም በለስላሳ፣ በመካከለኛና በኃይል፣ እያንዳንዱን አራት አራት ጊዜ ቅዱ። 72 ቅጂ ይሆናል። አንዱ 4 ሰከንድ ቢረዝም፣ በ48 ኪሎኸርትዝ፣ በ24 ቢት፣ በሞኖ ጠቅላላው 41 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ በቴሌግራም የሚላክ መጠን ነው። በጥንቃቄ የተቀዳ 41 ሜጋባይት ክራር፣ ክራርን ሰምተው የማያውቁ ሰዎች ከሠሩት 40 ጊጋባይት «የዓለም መሣሪያዎች» ለእናንተ ሥራ ይበልጣል።

የምትቀዱበትን ክፍል አስቡበት። ጀጎል ውስጥ ያላችሁ ታድላችኋል፤ ጌ ጋር፣ ማለትም የሐረሪ ባህላዊ ቤት፣ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ አለው፣ ነደባው (ከፍ ያለው መቀመጫ) ላይ ምንጣፍና ትራስ ተነጥፏል፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሞሰብና ሳህን ድምፁን ይበታትነዋል። ስቱዲዮ ለመሥራት ብዙ ገንዘብ የሚወጣበት ነገር እዚያ ቤት ውስጥ አለ። ድሬ ላይ ከዚራም ሁኑ ሳቢያን ዋናው ጠላት ቬንትሌተር ነው። አጥፉት፤ ሙቀቱን ለመሸሽ ከንጋት በፊት ቅዱ፤ ያኔ ባጃጁም ገና አልተነሣም።

ከቀዳችሁ በኋላ ሁለት ስሕተት አትሥሩ። አንደኛው ከድምፁ መነሻ በፊት ባዶ ጸጥታ መተው ነው። 480 ናሙና ጸጥታ በ48 ኪሎኸርትዝ (በሰከንድ 48 ሺህ ናሙና) 10 ሚሊሰከንድ መዘግየት ነው፤ ከዚያ ሳምፕለሩ «ይዘገያል» ትላላችሁ፤ የዘገየው ግን የእናንተ ፋይል ነው። ሁለተኛው ሁሉንም ቅጂ ለየብቻው ኖርማላይዝ ማድረግ፣ ማለትም እያንዳንዱን እስከሚችለው ድረስ ማስጮህ ነው። ለስላሳውና ኃይለኛው እኩል ከጮኹ የሦስት ጉልበት ልፋታችሁ ከንቱ ሆነ። ከፍ ማድረግ ካስፈለገ 72ቱንም በአንድ ልክ ከፍ አድርጉ።

ይህንን ጥቅል ልትፈትኑት ባሰባችሁት ሳምፕለር ሁሉ ላይ ጫኑ። ነጻ ከሆኑት ዲሰንት ሳምፕለርና ስፎርዛንዶ ጥሩ መነሻ ናቸው። ሁለቱም የድምፁን አደራደር ተራ የጽሑፍ ፋይል ላይ ስለሚያነቡት፣ የትኛው ቅጂ ከየትኛው ቁልፍ እስከ የትኛው፣ ከየትኛው ቬሎሲቲ (ቁልፉ የተመታበት ጉልበት) እስከ የትኛው እንደሚሰማ በኖትፓድ ከፍታችሁ ታያላችሁ፤ አንድ መስመር በመለወጥም ታስተካክላላችሁ። ለመማር ከዚህ የተሻለ የለም። ኩቤዝ የሚባለው የማቀናበሪያ ፕሮግራም ካላችሁ ከ9ኛው እትም ጀምሮ ሳምፕለር ትራክ አለው፤ ነገር ግን አንድ ቅጂ ቆራርጦ ለማጫወት እንጂ ለ72 ቅጂ የተሠራ አይደለም። ማክ ላይ በሎጂክ ማቀናበሪያ የምትሠሩ ከ2020 ወዲህ የድሮውን ሳምፕለር ኢኤክስኤስ24ን የተካው ሳምፕለር አብሮ ይመጣላችኋል፤ እሱን ሳትጨርሱ ሌላ አትፈልጉ።

መጀመሪያ አንድ ቁልፍ በተመሳሳይ ጉልበት ስምንት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ምቱ። ያው ድምፅ ደጋግሞ እንደ መትረየስ የሚጮህ ከሆነ፣ ወይ ሳምፕለሩ ቅጂ ማፈራረቅ አይችልም፣ ወይ እናንተ አልነገራችሁትም። አራቱን ቅጂ የቀዳችሁት ለዚህ ነው። ቀጥሎ ቬሎሲቲውን ከ1 እስከ 127 ቀስ እያላችሁ አሳድጉት። ከለስላሳው ወደ መካከለኛው የሚያልፍበት ቦታ ላይ ድምፁ ዘሎ የሚቀየር ከሆነ፣ ሁለቱን እያደባለቀ የሚያሻግር አማራጭ እንዳለው ፈልጉ።

ከዚያ አንዱን ቅጂ ከተቀዳበት ቁልፍ እያራቃችሁ ስሙት። ሳምፕለር ድምፅ የሚያቀጥነው ፍጥነት በመጨመር ነው፤ 12 ሰሚቶን (ሰሚቶን ከአንድ ቁልፍ ወደ አጠገቡ ያለችው ትንሿ እርምጃ ናት) ሲወጣ ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል፣ የ4 ሰከንዱ ክራር 2 ሰከንድ ይቀረዋል፣ የክራሩም ገበቴ አብሮ ያነሰ ይመስላል። ከሦስት ሰሚቶን በላይ መለጠጥ በክራር ላይ ወዲያው ይታወቃል። ይህ የማንም ሳምፕለር ጥፋት አይደለም፤ የቅጂ ማነስ ነው። የሳምፕለሩን ጥፋት የሚያሳየው ሌላ ፈተና ነው። የ10 ኪሎኸርትዝ ንጹሕ የሳይን ድምፅ (አንድ ድግግሞሽ ብቻ ያለው ፉጨት) አዘጋጁ፤ ፕሮጀክታችሁ 48 ኪሎኸርትዝ ይሁንና ድምፁን ከተቀመጠበት ቁልፍ ሁለት ኦክታቭ (24 ሰሚቶን) ወጥታችሁ አጫውቱት። 40 ኪሎኸርትዝ መሆን አለበት፤ ፕሮጀክቱ ግን ከልኩ ግማሽ፣ ማለትም ከ24 በላይ አይዝም። ጥሩ ሳምፕለር ዝም ይላል። ጥራት የጎደለው የተረፈውን አጥፎ ይመልስና 8 ኪሎኸርትዝ ላይ ያፏጭባችኋል። ከፍ አድርጋችሁ በምታጫውቱት ጸናጽልና ዋሽንት ላይ የሚሰማው ሻካራነት ምንጩ ይኸው ነው።

አሁን ለእኛ ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ፣ ቅኝት። ኪቦርዱ ኦክታቩን 12 ቦታ እኩል ከፍሎ፣ እያንዳንዱን ሰሚቶን 100 ሴንት አድርጎ አስቀምጦታል። ክራር ግን የሚቃኘው በጆሮ ነው። አንቺሆዬ ወይም አምባሰል የተቃኘ ክራር በቱነር (በቅኝት መለኪያ) ብትለኩት አንዱ ክር 15 ሴንት ወርዶ፣ ሌላው 20 ሴንት ወጥቶ ልታገኙት ትችላላችሁ። ብዙ ልጅ ይህን እንደ ስሕተት አይቶ ሁሉንም ወደ ኪቦርዱ ልክ ይጎትተዋል፤ ከዚያ ክራሩ ለምን የአሻንጉሊት ድምፅ እንደሚሰጥ ግራ ይገባዋል። ቅኝቱን አትንኩበት። ከሳምፕለሩ የምትጠይቁት እያንዳንዱን ቅጂ ለየብቻው በሴንት ማስተካከል እንዲያስችላችሁ ነው። ያ ከሌለው ለአገር ቤት መሣሪያ አይሆንም።

ግን እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት አለ። ድምፃዊው «ሁለት ሰሚቶን አውጣልኝ» ሲላችሁ የሚዲውን (የትኛው ቁልፍ መቼ እንደተመታ የሚመዘግበውን ትራክ) ኖታ ብቻ ወደ ላይ ብትገፉት፣ ኖታዎቹ ያልተቀዱና የተለጠጡ ቁልፎች ላይ ይወድቃሉ። የአንዱ ክር 20 ሴንት ለሌላ ድምፅ ይሰጥና ቅኝቱ ይፈርሳል። ኖታውን ባለበት ትታችሁ መሣሪያውን ራሱን በሳምፕለሩ ውስጥ አውጡት፤ ያኔ በክሮቹ መካከል ያለው ርቀት እንዳለ ይቆያል። ሳምፕለሮች ግን ይህን «ትራንስፖዝ» የሚሉትን አንድ ዓይነት አያደርጉትም። አንዳንዱ ቁልፉን ያዛውራል፣ አንዳንዱ ድምፁን ያወጣል። የምትፈልጉት ሁለተኛውን ነው። ስድስቱን ክር ተጫወቱ፣ ሁለት ሰሚቶን አውጡ፣ እንደገና ተጫወቱና የየክሩን ልዩነት በቱነር ለኩ፤ ከመጀመሪያው ጋር ካልገጠመ የተዛወረው ቁልፉ ነው። ስፎርዛንዶ የቅኝት ሰንጠረዥ የያዘ የስካላ ፋይልም ይቀበላል፤ ለባቲ አንድ፣ ለትዝታ አንድ አዘጋጅታችሁ ማስቀመጥ ትችላላችሁ።

ኡድና ማሲንቆ ሌላ ነገር ናቸው። ኡድ ከድምፃዊው ዓሊ ቢራና ከአፍራን ቀሎ ባንድ ዘመን ጀምሮ የድሬ ድምፅ ነው፤ አንገቱ ላይ ፍሬት የለውም፣ ጣት ይንሸራተታል። በፒች ቤንድ (ድምፁን ወደ ላይና ወደ ታች በሚጎትተው የኪቦርድ መቆጣጠሪያ) ብታስመስሉት ማሳመን ይከብዳል፤ ቤንዱ ክሩን ብቻ ሳይሆን የሆዱንም ድምፅ አብሮ ይጎትተዋልና፤ እውነተኛው ኡድ ላይ ግን ሆዱ ባለበት ይቆያል። መንሸራተቱን እንደ ሐረግ ለብቻው ቅዱና በአንድ የታች ቁልፍ የሚቀያየር አድርጉት። ማሲንቆን በሳምፕለር ለመተካት አትድከሙ፤ ተጫዋች ጠርታችሁ ቅዱ። በዚህ ላይ አቋሜ አይለወጥም።

ለከበሮ ፈተናው አጭር ነው። የሐረሪ ዝክሪ (መንፈሳዊ ዜማ) ላይ የሚመታውን ከረቡ የሚባል ከበሮ ክፍቱንና የታፈነውን ምት፣ እርስ በርስ የሚጋጨውን የእንጨት ከበል ደግሞ ለብቻ ቅዱ። ቁልፉን ነክታችሁ ብትለቁት ክፍቱ ምት እስከ መጨረሻው መሰማት አለበት። ወዲያው የታፈነውን ስትመቱ ደግሞ ክፍቱ መቆረጥ አለበት። ሁለቱን ማድረግ የማይችል ሳምፕለር ምቱን አደበላልቆ ጭቃ ያደርገዋል።

ማሽኑን ስትፈትኑ ወረቀት ላይ ያለውን ሒሳብ አትመኑ። ትልልቅ ላይብረሪዎች የድምፁን መነሻ ብቻ ራም ላይ ይይዙና ቀሪውን እየተጫወተ ከዲስክ ያነባሉ፤ ጊጋሳምፕለር የተባለ ፕሮግራም በ1998 እ.ኤ.አ. ያመጣው ዘዴ ነው። አንድ ስቴሪዮ ድምፅ በ48 ኪሎኸርትዝና በ24 ቢት በሰከንድ 288 ኪሎባይት ይፈልጋል፤ 100 ድምፅ አንድ ላይ 29 ሜጋባይት ገደማ ነው። በዩኤስቢ 2 የተሰካ ዲስክም ይህን ያህል የሚችል ይመስላል። ነገር ግን የሚሽከረከር ዲስክ ጭንቅላቱን ከፋይል ወደ ፋይል ለመውሰድ በየጊዜው 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ 100 ፋይል ሲሆን ሰከንዱ በመመላለስ ብቻ ያልቃል። ድምፁ የሚቆራረጠው ለዚህ ነው። ትንሽም ብትሆን ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ዲስክ) ግዙና ላይብረሪውን እሷ ላይ አድርጉ፤ ለሳምፕለር ከሚወጣ ገንዘብ ይህ ይቀድማል።

ባፈሩን (ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማውጣቱ በፊት የሚያጠራቅመውን የናሙና ብዛት) 256 ላይ አድርጉ፤ ይህ 5.3 ሚሊሰከንድ ነው። ፔዳሉን ረግጣችሁ ሰፋፊ ኮርዶች እየደራረባችሁ አስር ደቂቃ ተጫወቱ። ይህን ሌሊት ሳይሆን ከሰዓት በኋላ አድርጉት። ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲደርስ ላፕቶፑ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሌሊት 80 ድምፅ የያዘ ማሽን ቀን 50 ላይ ሊንተፋተፍ ይችላል። ሰርግ ላይ ቀጥታ ለመጫወት የምታስቡ ከቀን ውጤታችሁም ዝቅ አድርጋችሁ አቅዱ። ባፈሩን 1024 ብታደርጉት መቆራረጡ ይቀራል፤ ግን 21 ሚሊሰከንድ መዘግየት ስለሚመጣ ከበሮ በጣት መምታት ያስቸግራል። ለሚክስ እንጂ ለመጫወት አይሆንም።

ሁለት ጥቃቅን ግን ጊዜ የሚበሉ ነገሮች አሉ። በ44.1 ኪሎኸርትዝ የተቀዳ ፋይል በ48 ፕሮጀክት ውስጥ አጫውቱ፤ ድምፁ በአንድ ሰሚቶን ተኩል ገደማ ቀጥኖ ከወጣ ሳምፕለሩ የፋይሉን ልክ አያነብም ማለት ነው። የድምፅ ፎልደሩን ደግሞ በአማርኛ ፊደል ሰይሙና ክፈቱት፤ የማይቀበሉ ፕሮግራሞች አሉ። ከዚያ ፎልደሩን ወደ ሌላ ዲስክ አዛውራችሁ ፕሮጀክቱን እንደገና ክፈቱ። «ፋይሉ ጠፍቷል» ሲል አንድ ጊዜ ቦታውን አሳይታችሁት ሁሉንም ካገኘ ጥሩ ነው፤ 72ቱንም አንድ በአንድ ካስፈለገ ተዉት።

ክራክ፣ ማለትም ሳይከፈልበት ቁልፉ የተሰበረ ፕሮግራም አትጫኑ። ከውጭ አገር መግዛት ለእናንተ ምን ያህል እንደሚከብድ ይገባኛል፤ ነጻዎቹን ያስቀደምኩትም ለዚህ ነው። ክራክ ቫይረስ ይዞ ይመጣል፣ ሲታደስ ይዘጋል፣ ያኔ የደንበኛ ሥራ አብሮ ይዘጋል።

ክራር ተጫዋቹንም አስፈቅዱ። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ተጫዋች በአጨዋወቱ ላይ መብት አለው። የ72ቱን ቅጂ ዋጋ ተስማምታችሁ ክፈሉት። ላይብረሪውን ለሌላ ሰው መስጠት ወይም መሸጥ ትችሉ እንደሆነና ስሙ በምን መልኩ እንደሚጠቀስ አንድ ገጽ ላይ ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ። የወረቀቱን ፎቶ፣ ክራሩ የተቃኘበትን ቅኝት፣ የየክሩን ሴንትና የቀዳችሁበትን ቀን ከድምፆቹ ጋር በአንድ ፎልደር አስቀምጡ።