ማግኔት አጥንተሽ የማንን ፍሪጅ ልትዘጊ ነው?

ከፍኖተ ሰላም ለጻፍሽልኝ እህቴ፣

ርዕሱ የወንድምሽ ንግግር ነው። አሳቀኝ፣ ከዚያ አናደደኝ። አንቺ ማስተማሩን ትተሽ ባሕር ዳር ሁለተኛ ዲግሪ ልትጀምሪ፣ «ፍራስትሬትድ» በሚባሉት የኳንተም ማግኔቶች ላይም ልትሠሪ ነው። እሱ ደግሞ ያጠራቀምሽውን ብር ቡሬ ለሚከፍተው ሱቅ ይፈልገዋል።

በጉልቻ አስረጂው። ሦስት ጉልቻ ላይ ሦስት ስፒን፣ ማለትም የኤሌክትሮን ጥቃቅን ማግኔት፣ አስቀምጪ። እያንዳንዱ ከጎረቤቱ በተቃራኒ መቆም ይፈልጋል። አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ዞረ እንበል። ሦስተኛውስ? በየት ቢዞር አንዱን ያስቀይማል፤ ፍራስትሬትድ የሚባለው ይህ ነው። የፊዚክስ ሊቁ ፊሊፕ አንደርሰን በ1973 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉት ስፒኖች ፍጹም ዜሮ ሙቀት (ከሁሉ የመጨረሻው ቅዝቃዜ) ላይ እንኳ እንደ ፈሳሽ ሳይረጉ ሊቀሩ ይችላሉ አለ። እሱ ባነሳው የሦስት ማዕዘን አደራደር ግን ስፒኖቹ ኋላ እርስ በርስ 120 ዲግሪ ዞረው ረግተው ተገኙ። ቢሆንም ፈሳሹን ፍለጋ አልቆመም።

«ሥራ ያስገኛል ወይ?» ላልሽው፣ በዚህ ርዕስ የወጣ ክፍት የሥራ ቦታ አይቼ አላውቅም። ግን 20 ስፒን ብቻ 1,048,576 ሁኔታ አለው፤ አንድ በጨመርሽ ቁጥር እጥፍ ይሆናል። ያን በተራ ላፕቶፕ ማስላት የቻለ ሰው የባንክ ዳታ አያስፈራውም። እኔ ወጣት ሳለሁ ሙከራ ካልሠራሁ ብዬ ለማቀዝቀዣ የሚሆን ፈሳሽ ሂሊየም ስጠብቅ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ዛሬ የምበላው በዚያ ሥራ ፈትቼ በቆየሁበት ጊዜ በለመድኩት ፕሮግራም ነው። ስለዚህ ላብራቶሪ አትበይኝ፤ ስሌት ያዢ።

ብሩን አትስጪው። ወንድም ከእህቱ የወሰደውን ብድር ብሎ አይመዘግበውም። ባሕር ዳር የቤት ኪራይ አለብሽ።

የሰጋሽለት እንግሊዝኛ በንባብ ይመጣል፤ አርካይቭ (arXiv) በሚባለው የምርምር ጽሑፎች ድረ ገጽ ላይ ጽሑፉ ሁሉ በነጻ ነው። ዕድሜዬ ሄደ ላልሽውም፣ 27 ዓመት እርጅና አይደለም። ከማስተርሱ በኋላ ደግሞ ጣሊያን ትሪዬስቴ ያለውን፣ ፓኪስታናዊው የፊዚክስ ሊቅ አብዱስ ሳላም በ1964 እ.ኤ.አ. ያቋቋመውን የፊዚክስ ማዕከል (ICTP) የአንድ ዓመት ዲፕሎማ ተመልከቺ፤ ከታዳጊ አገር ለሚመጣ ተማሪ ወጪውን ይሸፍናል።

እስከ መስከረም የቤት ሥራ ልስጥሽ። 8 ስፒን በቀለበት ደርድሪ። እያንዳንዱ ከቅርብ ጎረቤቱም ከዚያ ቀጥሎ ካለውም በተቃራኒ መቆም ይፈልግ። የቀጣዩ ጉልበት ከቅርቡ 0.241 ያህሉን ሲያልፍ፣ ሰንሰለቱ ረጅም ከሆነ፣ ስፒኖቹ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ይታሰራሉ፤ ከአንድ ዓይነት ሁኔታ ወደ ሌላ መሸጋገር የሚባለው ይሄ ነው። 0.5 ላይ ማጁምዳርና ጎሽ የተባሉ የፊዚክስ ሊቃውንት በ1969 እ.ኤ.አ. ትክክለኛውን መልስ አግኝተዋል፦ የቅርቡን ጉልበት 1 ካልሽ፣ ዝቅተኛው ኢነርጂ ለአንድ ስፒን −0.375 ነው። ያ ቁጥር ካልወጣልሽ ስህተቱ ፕሮግራምሽ ውስጥ ነው። ኮዱን ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።